በአሥራ ሁለተኛው ሽንፈት ላይ የቀረበ ይግባኝ

የሚበደል ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ መበደሉን የሚያውቅና ተበድሎ የሚያጨበጭብ። የልጅ ልጄ ሩት ሁለተኛዋ ናት፤ ስለዚህ የማወቁን ሥራ የምሠራላት እኔ ነኝ። ይመዝገብልኝ፦ ሩት በአንድ አዲስ የነጻ ትግል ድርጅት ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ታግላ አሥራ ሁለት ጊዜ ተሸናፊ ተደርጋለች። አሥራ አንዱን ችዬ ነበር። አሥራ ሁለተኛውን ግን ዓይኔ እያየ፣ ከፊት ረድፍ መነጽሬን አድርጌ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የወሰዱባት።

“እማማ፣ የዚህ ትግል ውጤት እኮ አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ነው” የምትሉኝ አንባቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጆቼ፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቆምኩ እንጂ ማሰብ አላቆምኩም። መጻፉን አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝ መጻፉ አይደለም፤ እስክሪብቶ የያዘው ሰው አሥራ ሁለት ጊዜ ሲጽፍ አንዴ እንኳ አለመሳሳቱ ነው።

ከሥሩ ልንገራችሁ። እናቷ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ በፈረቃ ስትሠራ ሩትን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እሷም እዚያው ሂትሮው ለአውሮፕላን ምግብ ከሚያዘጋጁት ጋር ትሠራለች። አምና አንድ ቀን ከሥራ መጣችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ “እምዬ፣ ትግል ገብቻለሁ” አለችኝ።

ወንበር ፈለግኩ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ገመድ የታጠረበት መድረክ አይታየውም… በእኛ ጊዜ ትግል የገባ ልጅ መልሶ ቤቱን አያይም ነበር።

“የትኛው ድርጅት?” አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

“አዲስ ነው። እዚሁ ብሪክስተን ሰፈር ነው ያለው።”

ይኼኔ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ስልኳን አውጥታ ስታሳየኝ ነው ነፍሴ የተመለሰችው፤ በሚያብለጨልጭ ልብስ ከአንዲት ግንድ የምታህል ልጅ ጋር ተያይዛለች። እፎይ አልኩ። እፎይታዬ ግን ሦስት ደቂቃም አልቆየ፤ ተሸነፈች።

ስምም አውጥተውላታል። “ፕሪንሰስ ናይል፣ ከካይሮ።” እደግመዋለሁ፤ ከካይሮ።

“ካይሮን ምን አመጣው?” አልኳት።

“አዲስ አበባ ፖስተሩ ላይ አልገባም አሉኝ፣ እምዬ። በጣም ሎንግ ነው።”

ውሃው አልበቃ ብሎ ልጄንም መረቁላቸው ማለት ነው። ይህንንም ዋጥ አደረግኩት። የእኔ ጉሮሮ ስንት ነገር እንዳሳለፈ ብነግራችሁ ጋዜጣው አይበቃኝም።

ትግሉ እሑድ ከሰዓት ነው። ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንደለበስኩ ከዌምብሊ ፓርክ እነሳለሁ፣ ግሪን ፓርክ ላይ ባቡር እቀይራለሁ፣ ብሪክስተን እወርዳለሁ። አዳራሹ ከገበያው ጀርባ ነው። እየተመላለስኩ ሁለት ወዳጅ አፈራሁ። አንዱ ቴሪ ነው፤ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ክንዱ ላይ የድሮ ታጋዮች ስም የተነቀሰበት ሽማግሌ። ሌላዋ ሚስ ጆይ ናት፤ ገበያው ውስጥ ፕላንቴን የሚሉትን የሚጠበስ ሙዝ የምትሸጥ ጃማይካዊት። ኮከብ እንዴት ይሠራል በሚለው ጉዳይ ሁለቱ አንድ ቀን ተስማምተው አያውቁም።

ቴሪ የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ወገን ነው። “አዲስ ድርጅት አንድ ፊት ያስፈልገዋል” ይላል። “ሰው መንገድ ላይ ፖስተሯን አይቶ የሚቆምላት። አንዷን ትመርጣለህ፣ ታሸንፋለች፣ ታሸንፋለች፣ ታሸንፋለች፤ አለቀ። ሌዲ ሃመርን እያት።”

ሌዲ ሃመር ያቺ ግንድ የምታህለው፣ ኤሴክስ ከሚባል አውራጃ የመጣች ልጅ ናት። እኔ በአገርኛው መዶሻ እላታለሁ።

“መዶሻ ስትወጣ እኮ ሰው ሽንት ቤት ይሄዳል” ትለዋለች ሚስ ጆይ። “ኮከብን ቢሮ አይሠራውም። እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው የሚሠራው። ይቺ ትንሿ ስትወድቅ ሰዉ ሁሉ ‘ኡ’ ይላል። ‘ኡ’ ያለበት ቦታ ላይ ነው መሥራት።”

“የእኔዋስ በእናንተ ትምህርት ምንድን ናት?” አልኩ አንድ ቀን።

“የእርስዎ ልጅ መሰላል ናት፣ ማዳም” አለ ቴሪ፣ እያከበረኝ። “ያውም ግሩም መሰላል። መዶሻ ጠንካራ የምትመስለው ሩት አወዳደቅ ስለምታውቅበት ነው። ያለ ሩት እሷ ጂም የምትመላለስ የኤሴክስ ልጅ ናት።”

“ይኸው ስንት ሰው ወጣባት። መሰላሉ ራሱ የሚወጣው መቼ ነው?”

“መሰላል አይወጣም፣ ማዳም።”

እንዲህ ያለ ፍርድ እያንገሸገሸኝ የራሴን ሐሳብ አቀረብኩ፤ ዕቁብ። የታጋዮቹ ሁሉ ስም ይጻፍ፣ ይጠቅለል፣ ቆብ ውስጥ ይግባ፣ አንዱ ይውጣ። የወጣላት ያን ሳምንት ታሸንፋለች፤ ከዚያ በኋላ ሌሎቹ እስኪደርሳቸው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ማልቀስ የለ፣ ማዳላት የለ። እንዴት እንደሚጣል ሁለት ጊዜ አስረዳኋቸው።

“እንደዚያ ከሆነ እኮ ሁሉም ኮከብ ይሆናል” አለ ቴሪ።

“እና?”

“ሁሉም ኮከብ ከሆነ ማን ሊያያቸው ይመጣል?”

“አያቶቻቸው” አልኩት። ሚስ ጆይ ከወንበሯ ልትወድቅ ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ወደ በደሉ ልምጣ። በዚያ እሑድ ሩት ከፊት ረድፍ ትኬት ሰጠችኝ። ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የምታስቀምጠኝ።

“ዛሬ ከፊት ይቀመጡልኝ፣ እምዬ። መነጽርዎንም አይርሱ።”

“ምን አለ?”

“ምንም የለም። ዝም ብለው ይዩ ብቻ።”

“ዝም ብለው” ያለችውን በጊዜው ልብ አላልኩትም።

ቴሪና ሚስ ጆይ ከኋላዬ ሆኑ። ተጀመረ። መዶሻ ልጄን አነሳች፣ አፈረጠች፤ ደግማ አነሳች፣ ደግማ አፈረጠች። ዳኛው ባለ ጭረት ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ሥራው አለማየት ነው። መዶሻ በክርኗ ስትደልቅ የጫማውን ክር ያስራል። መዶሻ የብረት ወንበር ይዛ ስትመጣ ከተመልካች ጋር ይጨቃጨቃል። እኔ በዕድሜዬ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ፊት ቆሜ አውቃለሁ፤ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን የማውቀው ዳኛ ግን እሱ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ሩት ተነሳች። እንዴት እንደተነሳች እንጃ፤ ብቻ ተነሳች። አዳራሹም አብሯት ተነሳ። ሚስ ጆይ ከኋላ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችው። ሩት ያቺን ግንድ ወገቧን ይዛ ብድግ አደረገችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገቻት። ልትወረውራት አንድ እርምጃ ሲቀራት መዶሻ ከላይ ሆና የሩትን ሹሩባ በሁለት እጇ ጨበጠች። ያን ሹሩባ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ የሠራሁት እኔ ነኝ። ዳኛውን አየሁት… ክሩን ያስራል።

ያኔ ከአፌ አመለጠ። “በሕግ አምላክ!”

እዚህ ላደጋችሁት ላስረዳ። በአገራችን ይህ ቃል ከተጠራ የሚሮጥ ይቆማል፣ የተያያዘ ይላቀቃል፣ ዱላ ያነሳም ዱላውን ያወርዳል። ዌምብሊ ያለውን ቤቴንም ያስተዳደርኩት በእሱ ነው። ሩትና ወንድሟ ልጆች ሳሉ በቴሌቪዥን ሪሞት ሲጣሉ ከኩሽና ሆኜ አንዴ እጠራዋለሁ፤ ሪሞቱ መሬት ይቀመጣል፣ እጅ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንገት ይደፋል። ዱላ ሳላነሳ ነው ያሳደግኳቸው።

ቃሉን የጠራሁት ለመዶሻ ነበር። መዶሻ ግን ከኤሴክስ ናት። ዳኛውም በሕግ ከሚገዛ አገር የመጣ አይመስልም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከታጨቀው ሰው መካከል በሕግ የምትገዛ አንዲት ነፍስ ብቻ ነበረች፤ እሷም የእኔዋ።

ሩት ቀጥ አለች። መዶሻን ቀስ ብላ፣ እንደ እንቁላል፣ መሬት አስቀመጠቻት። እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች። አንገቷን ደፋች። መዶሻ ግራ ተጋብታ ዳኛውን አየችው፤ ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከፍቶ ያይ ነበር። ትንሽ ተፋጠጡ። ከዚያ መዶሻ፣ ምን ታድርግ፣ ልጄን በመዳፏ ገፋ አደረገቻት። ወደቀች። ተኛችባት። ዳኛው ቆጠረ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

አዳራሹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ቴሪ “አርባ ዓመት ትግል ሳይ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም” እያለ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ። በማግስቱ ደግሞ ስልክ ላይ ወሬው ደራ። የሩት ወንድም እያነበበ ነገረኝ። አንዱ “ኮከብ አሠራር ማለት ይሄ ነው” ይላል። ሌላው “ስንት ወር የጠበቅነውን ባንድ ደቂቃ ገደል ከተቱት” ይላል። ሦስተኛው ሁሉም ገብቶታል፤ ከፊት ረድፍ የነበሩት ነጭ የለበሱ አሮጊት፣ ልዕልቲቱን በጥንት ድግምት የሚያዙ የካይሮ ጠንቋይ ናቸው። ከቅዳሴ የመጣሁትን ሴትዮ። ደግሞ ከካይሮ።

ያን እሑድ በባቡር ስንመለስ ሩት ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ግሪን ፓርክ ላይ ስንቀይር ክንዴን ያዘችኝ። እኔ ኀዘን መሰለኝ።

“አይዞሽ፣ ይግባኝ እንላለን” አልኳት።

“ይተዉት፣ እምዬ።”

“አልተውም። አሥራ ሁለት ጊዜ ተበድለሽ ዝም ካልኩ እኔስ ምን አያት ነኝ?”

መስኮቱን አየች። መሬት ውስጥ ለውስጥ እየሄድን እኮ ነው፤ በመስኮቱ የሚታይ ነገር የለም።

ማክሰኞ ዕለት የድርጅቱ ባለቤት ቢሮ ተገኘሁ። ሚስተር ግራሃም ይባላል፤ ቢሮው ከአንድ ጂም በላይ ነው፣ ላብ ላብ ይሸታል። የእኔ እንግሊዝኛ ለገበያና ለሐኪም ይበቃል፤ ለክስ ግን አይበቃም፤ ስለዚህ ሩትን አስተርጓሚ አድርጌ በግድ ወሰድኳት። አቤቱታዬን ጽፌ፣ ቴሪንና ሚስ ጆይን አስፈርሜ ይዣለሁ። ቴሪ “በይዘቱ አልስማማም፣ በወጉ ግን እስማማለሁ” ብሎ ነው የፈረመው።

ቆሜ አነበብኩ። አሥራ ሁለቱን ሽንፈቶች አንድ በአንድ ጠራሁ። ዳኛውን ከሰስኩ። የፀጉሩን ነገር አነሳሁ። ካይሮንም አልተውኩ። ዕቁብን አብራራሁ። ስጨርስ ሩት ወደ ሰውዬው ዞር አለችና “ሺ ኢዝ አፕሴት” አለችው፤ “ተናዳለች” ማለቷ ነው።

“ያ ሁሉ ይኸው ነው?” አልኳት።

“እንግሊዝኛ አጭር ነው፣ እምዬ።”

ሚስተር ግራሃም አልሳቀም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። መሳቢያውን ሳበና አንድ ወረቀት አውጥቶ ለሩት ሰጣት። ሩት አየችው። አጣጠፈችው።

“ምን ይላል? ተርጉሚ።”

“ቤት እነግርዎታለሁ።”

“አሁን።”

ወረቀቱን ፈታች። ድምፅዋ የሕፃንነቷን መሰለ። “የእሑዱ ፕላን ነው። ‘መዶሻ ፀጉሯን ትይዛለች። ዳኛው አያይም። ናይል ትወረውራታለች። ናይል ታሸንፋለች።’” ወረቀቱን መልሳ አጣጠፈችና ጨመረች፦ “አሥራ አንዱ ሁሉ ለዚህ ቀን ነበር፣ እምዬ። ሰው መጀመሪያ እንዲያዝንልኝ። ለማንም መንገር አይፈቀድም ነበር፤ ለእርስዎም።”

አንባቢዎቼ፣ እኔ ሕይወቴን ሙሉ ከሌላ ሰው ጥፋት ጋር ስታገል የኖርኩ ነኝ፤ ከራሴ ጋር ግን ልምድ የለኝም። ተቀመጥኩ። ሚስተር ግራሃም ውሃ ቀዳልኝ። ጠጣሁት። ፍርድ የሚወድ ሰው በራሱ ላይ ሲመጣ ወንበር መቀየር የለበትም፤ ስለዚህ ይህም ይመዝገብ፦ አሥራ አንዱ የሰውዬው ነው፣ አሥራ ሁለተኛው የእኔ።

ሩትን “ይቅር በይኝ” አልኳት። አቀፈችኝ። እንደ መዶሻ አጥብቃ ነው ያቀፈችኝ።

ቢሆንም የመጣሁበትን መልስ ሳልይዝ ከቢሮ የምወጣ ሴት አይደለሁም። “እሺ” አልኩ ነጠላዬን አስተካክዬ። “እንግዲያውስ አሁን መቼ ነው የምታሸንፈው? ቀኑን ቁርጥ አድርጎ ይንገረኝ።”

ሩት ይህችን ሳታሳጥር ተረጎመች። ሚስተር ግራሃም ሩትን አያት፤ ሩት ጣሪያውን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ለገበያና ለሐኪም በሚበቃው እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ መለሰልኝ፦

“እርስዎ ያልመጡ ዕለት።”