ሐረጎን መውጣት ያቃተው አረቄ

ዳገት ላይ የቆመ መኪና አይቶ ሊቅ የማይሆን ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዱ ጎማውን ረግጦ ያልፋል፤ ሌላው ኮፈኑን አስከፍቶ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ ነኝ። ልዩነቴ መኪናዋን ያስቆምኳት ራሴ መሆኔ ነው።

መኪናዋ የጎረቤቴ የጋሽ ሰይድ ፒካፕ ናት። ከሐርቡ ቲማቲም ጭነው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ እያራገፉ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእሷ ነው። ከልጆቹ አንዷ ዘሃራ ኮምቦልቻ ውስጥ ኮሌጅ ታስተምራለች፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ደግሞ ምግብ ከተጠበሰበት ዘይት ነዳጅ ትሠራለች። ዘይቱ ከየት መጣ? ረመዳንን ሙሉ ሳምቡሳ ሲጠበስበት ከከረመው ነዋ! እሱን አጣርታ፣ እሷ በምታውቀው ጥበብ ወደ ነዳጅ ለውጣ፣ ከናፍጣ ጋር ትቀላቅለዋለች። የደሴ ብርድ ድብልቁን ስለሚያወፍረው እንዲቀጥን ትንሽ ንጹህ አልኮል ትጨምርበታለች። ጭሱንም ይቀንሳል ትላለች።

ጋሽ ሰይድ አልኮል የሚለውን ሲሰሙ እምቢ አሉ። የሰፈራችን ሸህ ዘንድ ሄደው ጠየቁ። ሸሁ የሚጠጣው ማን ነው ቢሏቸው፣ መኪናዋ አሉ። እንግዲያው እሷ ሶላት የለባትም፤ ልጅቱን አያሰናክሏት ብለው ሸኟቸው። ጋሽ ሰይድም ዘሃራን፣ ፒካፗ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት ከወጣች ወሩን ሙሉ መሞከሪያ ትሁንልሽ፤ ከቆመች ግን ሁለተኛ እንዳትነኪያት፣ የቤታችን እንጀራ ናት ብለው ቆረጡ። የልጅቱ ዲግሪ አንድ ዳገት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

በፈተናው ቀን ዘሃራ ዙህር ሰግዳ እስክትመለስ የአልኮሉን ጠርሙስ እንድጠብቅላት አደራ አለችኝ። ጥቂት ጠበቅኩት፤ ከዚያ ሳላየው በእግሬ መትቼ ደፋሁት። ደህና ሰው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ጥፋቱን ይናገራል። እኔ ግን አረቄ ከምትሸጥ ጎረቤት ዘንድ ሮጬ፣ ሁለት ጊዜ የወጣውን፣ ጉሮሮ የሚልጠውን ዳግም አረቄ ገዝቼ ጠርሙሱን ሞላሁት። መልኩ ያው፣ ማቃጠሉም ያው። እንዲያውም አሻሻልኩላት ብዬ በሆዴ ኮራሁ።

ዘሃራ ተመልሳ ጠርሙሱን የነዳጁ ታንከር ውስጥ ገለበጠችው። ፒካፗ ከኮምቦልቻ እየፎከረች ተነሳች። ሐረጎ ወገብ ላይ ስንደርስ ግን ተንቀጠቀጠችና ጸጥ አለች። ጋሽ ሰይድ መሪውን እንደያዙ ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ።

ዘሃራ ወርዳ ከታንከሩ ሥር ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ ቀዳችና ወደ ፀሐይ አነሳችው። ከላይ ቢጫ፣ ከታች ውሃ፤ ድንበራቸው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ብርጭቆውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ንጹህ አልኮል ውሃ የለውም፣ ይሄ ግን ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ጋሼ፣ አረቄ ነው እንዴ? አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ አዋቂ ነን ባይ አይቻለሁ፤ ብርጭቆ አይቶ ኃጢአቴን የነገረኝ ግን የለም። ከማፈሬ ይልቅ መደነቄ በለጠ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው፣ ወላሂ ሸሁ አረቄን አልፈቀዱም አሉኝ።

ውሃውን ከሥር አፈሰሰች፤ ለመጠባበቂያ የያዘችውን ደህና ድብልቅ ከጀሪካን ሞላች፤ ነዳጅ መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር አስወጣች። ፒካፗ ተነሳች። ከኋላዋ ተለይቷት የማያውቀው ያ ጥቁር ጭስ የት ገባ? ሳምቡሳ ሳምቡሳ እየሸተተች ያንን ዳገት ወጣችው! እኔ ከኋላ ተጭኜ ኮምቦልቻ ከታች ስታንስ እያየሁ፣ የሰው ልጅ እውቀት እስከዚህ ይደርሳል ወይ ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በጭሱ ነው እንዳልል ጭስ የለም።

ደሴ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ የጭስ ማውጫውን በጣታቸው ጠረጉና ጣታቸውን አገላብጠው አዩት። ማሻአላህ፣ ቀድሞ የቆመችው በዚህ ሰውዬ ነው፤ ወሩን ሙሉ ያንቺ ናት አሏት።

አሁን ስሜ ዘሃራ በምትሠራበት ክፍል በር ላይ በትልቁ ተለጥፏል። ከሩቅ ያዩ ዘመዶቼ ተመራማሪ ሆንክ ወይ ብለው እንኳን ደስ ያለህ ይሉኛል፤ እኔም አመሰግናለሁ። ቀርቦ ላነበበው ግን ጽሑፉ ከድብልቁ መራቅ ያለባቸውን ይዘረዝራል፦ አንደኛ ውሃ፣ ሁለተኛ አረቄ። ሦስተኛው እኔ ነኝ።