የተሰነጠቀውን ደወል ለማቅለጥ ስለሚበቃው ማገዶ

ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፵፭ ዓ.ም.፣ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት፣ ጎንደር፣ በሰበካችን ዕቃ ቤት።

የተገኙ፦ ሊቀ መንበሩ ግራዝማች ክንዱ፣ አለቃ ወልደኢየሱስ፣ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ፣ እኔ ጸሐፊው ወልደ ዮሐንስ። ስለ ሙያው እንዲያስረዱ የተጠሩ፦ የወለቃው ብረት ሠሪ አያ ይባረክ። ከኮሚቴው ስድስት አባላት አራቱ ስለ ተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሁለቱ የት እንደ ቀለጡ አልታወቀም።

፩ኛ. የማገዶው መጠን
ሊቀ መንበሩ አንድ ፈረሱላ ሰም በአንድ ሸክም እንጨት ሲቀልጥ በቤታቸው ማየታቸውን ገልጸው፣ ደወሉ አራት ፈረሱላ ስለሆነ አራት ሸክም ይበቃዋል አሉ። አያ ይባረክ ነሐስ ሰም እንዳልሆነ፣ ሁሉም የየራሱን እሳት እንደሚጠይቅ፣ ለደወሉ አርባ ሸክም እንጨት ከሰል ሆኖ ከነወናፉ እንደሚያስፈልግ አስረዱ። ሊቀ መንበሩ ሚዛን ለሁሉም አንድ ነው ብለው ተቆጡ። አለቃ ወልደኢየሱስ ደወሉ አይቶ እንዲማር አጠገቡ ቅቤ ይቅለጥለት አሉ። ሐሳቡ ተደገፈ። ጸሐፊው ሳቁን በሳል አሳልፎ መዘገበ።

፪ኛ. ማገዶው ከየት ይምጣ?
ከረዥም ውይይት በኋላ የወይዘሮ አመተ ሥላሴ ሃያ ባሕር ዛፎች እንዲቆረጡ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ወይዘሮዋ ዛፎቹን ለቤታቸው ጣሪያ አሥር ዓመት ማሳደጋቸውን፣ ክረምቱን ሙሉ ከነአልጋቸው ሲርሱ መክረማቸውን ተናገሩ። ቃላቸው ተመዘገበ፤ ውሳኔው አልተለወጠም። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ ሳስበው አፍራለሁ።

፫ኛ. ሙከራ
ክርክሩ ስለ ቀለጠ፣ ቅቤ፣ ሰም፣ እርሳስና የደወሉ ስባሪ በከሰል ማንደጃ ላይ በየተራ እንዲጣዱ ተወሰነ። ቅቤው ወዲያው ቀለጠ፤ ሰሙም ተከተለው። እርሳሱም ትንሽ ቆይቶ ሸጋ ሆኖ ፈሰሰ። ስባሪው ንቅንቅ አላለም። አለቃም ስባሪው ገና እየተማረ ነው አሉ።

ጸሐፊው ውሳኔውን ለማተም ቦርሳውን ቢከፍት የኮሚቴው የእርሳስ ማኅተም የለም። ከቦርሳውም ከማንደጃውም አጠገብ የተቀመጡት ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ተጠየቁ። እርሳስ አምጡ ተባለ፣ እርሳስ ሰጠሁ፣ ምነው ሲሉ መለሱ።

፬ኛ. መዝጊያ
ያለ ማኅተም የሚጸና ነገር ስለሌለ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ የቅቤው ጭምር፣ እንደ ቀለጠ ይቆጠር ተባለ። አያ ይባረክ ማኅተሙን በሁለት እፍኝ ከሰል መልሰው እንደሚያወጡት ተናገሩ። የሥራ ማዘዣው ራሱ ማኅተም ስለሚያስፈልገው አልተፈቀደም።

ጉባኤው በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሣ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ዛፎቹን ለጣሪያቸው ሊያስቆርጡ ከሁሉ ቀድመው ወጡ። መጥረቢያውን የተዋሱት ከእኔ ነው።