የልጄ ጭንቀት ጠያቂ በዛበት

የዘንድሮ ልጆች ከወላጅ የሚደብቁትን ጭንቀት ለአገር ምድሩ ያውጃሉ። እኛ ሲጨንቀን ጥርሳችንን ነክሰን ዝም ነበር፤ እነሱ ፎቶ አልብሰው ፌስቡክ ላይ ይሰቅሉታል!

ልጄ ሜሮን እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ገዳሪፍ ያደገች ናት። የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተናዋ ሲቃረብ «ጭንቀት ሊገድለኝ ነው» ብላ ጻፈች። ጓደኞቿ የሚያለቅስ ፊት ላኩላት። እሱስ ደግ... ፋው ከተማ ያለችው የአክስቷ ልጅ ግን አነበበችና ለእናቷ ነገረች። እናቷ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘውዴ ናት። «ሊገድለኝ» የሚል ቃል ሰምታ ቤቷ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስኳርና ጠበል ይዛ፣ የፋው ማኅበርተኞቿን አስከትላ ከች አለች። ሜሮን መጽሐፏን እንደያዘች በር ላይ ተቀበለቻቸው።

«በሽተኛዋ የት አለች?»

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ምን ያቆምሻል? ቆሞ የሚጠየቅ በሽተኛ የት ታይቷል? ግቢና ተኚ።»

ተኛች፤ ምን ታድርግ? በገዳሪፍ ሙቀት ብርድ ልብስ ደረቡባት። ጠያቂው አልጋዋን ከቦ፣ በጭንቀት የሞተውን ዘመድ ሁሉ በስም እያነሳ ያጽናናት ጀመር። እስቲ ፍረዱኝ፣ በዚህ የሚድን አለ?

«አክስቴ፣ ወላሂ ነገ ኢምቲሃን አለብኝ። ላጥና።»

«ፈተናው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ነፍስሽ ትትረፍ።»

እኔ በገንኩ። የልጄ የዓመት ልፋት በእንግዳ ሊቀልጥ ነው። እንዳላስወጣቸው ነውር፣ ዝም እንዳልል ልጄ... ቆይቼ ቆይቼ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ላስነሳት ገባሁ። መጽሐፏን አቅፋ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኗ ሳይከደን የከረመች ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል! አንጀቴን በላችው። የስልኩ ወዳጅ ሁሉ ያላስተኛትን፣ የእትዬ ዘውዴ ወሬ አስተኛት።

በነጋታው ተፈትና ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

«እንዴት ነበር?»

«ከወይስ፣ ያ ባባ። ጥሩ ነበር» አለችና ስልኳን አንስታ «ተመስገን፣ ዳንኩ» ብላ ጻፈች።

ሳይመሽ እትዬ ዘውዴ ደወለች።

«እንኳን እግዜር ማረልን። መፋዛ ከተማ ያሉት ዘመዶቻችን ‹መታመሟን ሳንሰማ ዳነች› ብለው ተቀይመዋል። ነገ ሁላችንም ‹እንኳን ማረሽ› ልንል እንመጣለን፤ አንተ በጉን አዘጋጅ።»

ይኸው ጨንቆኝ ተቀምጫለሁ። ፌስቡክ ላይ ግን አልጽፍም፤ ሞኝ አይደለሁም።