የዶክተር ባየልኝ ጥናትና የድልድዩ አምቡላንስ

ስለ ጥናትና ምርምር ክፉ የሚያወራ ምላሱ ይታሰር። እኛ የመተማ ዮሐንስ ሰዎች ፀሐይዋን እንኳ የምናምናት ጥናት ሲያረጋግጥልን ነው። ላባችን ከማለዳ ጀምሮ ቢንጠፈጠፍም፣ ቆለኞች መሆናችንን በሙሉ ልብ የተቀበልነው ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ለክቶ ከነገረን በኋላ ነው።

ለዚህ ብርሃን ያበቁን ዶክተር ባየልኝ ናቸው። ዶክተሩ የፍልሰት ተመራማሪ ናቸው፤ ሰው ከአገሩ ለምን እንደሚወጣ ያጠናሉ። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ካሰችን አገኙ። ካሰች ወደ ሱዳን ከሚያሻግረው ድልድይ አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ባሏ ጀምበሩ ገዳሪፍ ተሻግሮ ትራክተር ይነዳል።

«ባለቤትዎ ለምን ሄዱ?» ሲሉ ጠየቋት።

«ሥራ ፍለጋ።»

«ከዚያ ጀርባ ያለው ምክንያትስ?»

«ከሥራ ጀርባማ ያለው እንጀራ ነው። ሌላ ምን ይኖራል ዶክተር?»

ዶክተሩ ይህችን መልስ አፍታተው ወፍራም መጽሐፍ አደረጓት።

የሳይንስ ታላቅነቱ ግን አንድ ቦታ አለመርጋቱ ነው። በተከታዩ ዓመት ሲመጡ ዘርፉ ተለውጦ ነበር። «ለምን ሄዱ የሚለው ጥያቄ አርጅቷል» አሉ። «አሁን ዓለም የሚጠይቀው የቀሩት ለምን እንደቀሩ ነው።» ስለዚህ ካሰች ከስደተኛ ሚስትነት ተነሥታ «ያለ ፈቃዷ ባለችበት የቀረች፣ የማትንቀሳቀስ ግለሰብ» ወደሚል ማዕረግ ከፍ አለች። ይህን ሲያነቡላት ወጥ ይዛ ከጓዳ በረንዳ፣ ከበረንዳ ጓዳ እየተመላለሰች ስለነበር አጥርታ አልሰማችውም።

ቀጥሎ ዘርፉ እንደገና ተለወጠ። አዲሱ ጥያቄ «የሄዱት ለምን አይመለሱም?» የሚል ሆነ። ልክ በዚያ ሰሞን ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣና የሄደው ሁሉ ይመለስ ጀመር።

ከዚያ ማዶ የሚመጣው ሕዝብ የደከመ፣ የቆሰለ፣ በወባ የሚንቀጠቀጥ ነበርና ነዋሪው ለድልድዩ አንድ አምቡላንስ ይመደብልን አለ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ደረበ በስብሰባው ላይ ተነሡ።

«ክቡራትና ክቡራን! ጥናት የሌለው አምቡላንስ ሹፌር እንደሌለው አምቡላንስ ነው። ውሳኔያችን በማስረጃ ላይ ይመሠረታል። የዶክተር ባየልኝ ጥናት ይጠበቅ!»

ተጨበጨበ። እዚያው ሰዓት ድልድዩ ላይ አንዲት እናት ምጥ ያዛት፤ ሕፃኑም በአስተዳደግ ጉድለት ጥናቱን ሳይጠብቅ ተወለደ።

ዶክተሩ ደረሱ። ፍራሽ የተሸከመው፣ ልጅ ያዘለው፣ ጫማው ያለቀበት መንገዱን ሞልቶት መኪናቸው መላወሻ አጣች። በመስኮት ብቅ ብለው «እባካችሁ መንገድ ልቀቁ! ለጥናት ነው የመጣነው!» እያሉ ጮኹ።

ካሰች ለተመላሾቹ ውኃ እያደለች ነበርና ቀረብ ብላ ሰላም አለቻቸው። «ዘንድሮስ ምን ሊያጠኑ መጡ?»

«ሰዎች ከሱዳን የማይመለሱበትን ምክንያት።»

ካሰች ወደ ድልድዩ ዞራ አየች። «እኒህስ?»

«እነሱማ ተመለሱ። ጥናቱ አይመለከታቸውም።»

ይህን ሲሏት ነው ሁለት ሰዎች ደግፈው የሚያመጡትን ሰው ያየችው። ውኃው ከእጇ ወደቀ። ጦርነቱ ከተነሣ ጀምሮ ድምፁን ያልሰማችው ጀምበሩ ነበር። ሮጣ አቀፈችው። ግንባሩ ይፋጃል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ አላወቃትም። «የትራክተሩን ቁልፍ ስጡኝ» እያለ ይቃዣል።

«ዶክተር፣ በማርያም ይዤዎታለሁ! ገንዳ ውኃ ሆስፒታል ያድርሱልኝ!»

ዶክተሩ አዘኑ። የምሬን ነው፣ ከልባቸው አዘኑ። «ወይዘሮ ካሰች፣ እርስዎ የጥናቴ ተሳታፊ ነዎት። ተሳታፊን ብረዳ ውጤቱ ይዛባል። የሙያው ሥነ ምግባር አይፈቅድልኝም።»

«ውጤቱ ምንድን ነው?»

«እሱማ ገና አልታወቀም።»

«ያልታወቀ ነገር እንዴት ይዛባል? ሰውዬው እየሞተብኝ ነው እኮ!»

«ግሩም ጥያቄ ነው» አሉና መስኮቱን ዘጉ። የመኪናው ማቀዝቀዣ በርቶ ስለነበር ሙቀት እንዳይገባ ብለው ነው።

ነጋዴው ዓሊ በዚያው ቅጽበት ማሽላ የጫነች አይሱዙውን እየነዳ ደረሰ። ዓሊ ትምህርቱን ብዙም ስላልገፋበት ገለልተኝነት የሚባለውን አያውቅም።

«ያላህ! እታለም ካሰች፣ ምን ትጠብቂያለሽ? አንሡት!» ብሎ ወረደ። በአካባቢው የነበሩት ሳሉጎች፣ እነዚያ ለእርሻ ሥራ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች፣ ጆንያውን መንገድ ዳር አራገፉት። አንዲት ተመላሽ ፍራሿን ሰጠች። ካሰች የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ሄዱ። ከኮኪት ወዲያ ጭቃው መኪናዋን ሲይዛት፣ ራሱን ፍራሹ ላይ አሳርፋ ወርዳ ከመንገደኛው ጋር ገፋች።

ሐኪሙ «ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ጀምበሩ ሰንብቶ ዓይኑን ገለጠ። «ካሰችዬ፣ አንቺ ነሽ?» ሲላት መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ «ምነው አንድ ቃል እንኳ አትልክም ነበር!» ብላ ተቆጣችው። ዓሊ ደግሞ በጭነት መኪና ሰው በመጫኑ ትራፊክ ቀጣው። ሕግ መቼም ሕግ ነው።

ከዚያ በኋላ ጎንደር፣ ምንጣፉ እግር በሚውጥ ሆቴል፣ የፖሊሲ ምክክር ተጠራ። ጀምበሩና ካሰች «የማኅበረሰቡ ድምፅ» ተብለው ከፊት ተቀመጡ። እንዳይናገሩ የተነገራቸው ነገር የለም፤ ይናገራሉ ብሎ የገመተም የለም።

ዶክተር ባየልኝ ወደ መድረኩ ወጡ። «ግኝታችን ታሪካዊ ነው! የድንበሩ ማኅበረሰብ አስደናቂ የመቋቋም አቅም አለው። በጠና የታመመ ተመላሽ ያለ ምንም መንግሥታዊ ድጋፍ ሆስፒታል ደርሶ ድኗል። ይህን ውብ የመረዳዳት ባህል በአምቡላንስ እንዳናበላሸው አደራ እላለሁ።»

አቶ ደረበ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ምክረ ሐሳቡን ተቀበሉ። ለአምቡላንሱ የታሰበው በጀት ለጥናቱ ሁለተኛ ምዕራፍ እንዲውል እዚያው ተወሰነ። በአገራችን ጥናት በዚህ ፍጥነት ፖሊሲ ሲሆን ያየነው ያን ቀን ነው።

ጀምበሩ እጁን አወጣ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዓሊ ባይደርስልኝና ሞቼ ቢሆንስ፣ ጥናቱ ምን ይል ነበር?»

ካሰች የባሏን ክንድ ያዘች። ዶክተሩ መነጽራቸውን አስተካክለው በአባትነት ፈገግ አሉ።

«ምንም አይልም ነበር። እኛ የምንጠይቀው በሕይወት ያሉትን ብቻ ነው።»

ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። አቶ ደረበም ማይክራፎኑን ተቀብለው ጉዳዩን ቋጩት፦

«ደግሞስ፣ እስከ ዛሬ ሞቻለሁ ብሎ ለጽሕፈት ቤታችን ቅሬታ ያቀረበ ተመላሽ አለ?»