እትዬ ጌጤ ባሕር ሲያሳዩ

[ከሮማ ወደ ፎርሚያ በሚወርደው ባቡር ውስጥ። እትዬ ጌጤ በግራ መስኮት በኩል ተደላድለው ተቀምጠዋል። ሮማ፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር አብራቸው የምትኖረው የወንድማቸው ልጅ ሶሊ ዘንቢል ታቅፋ መተላለፊያው ላይ ቆማለች።]

ጌጤ፦ ግራ ነው አልኩሽ፤ ተቀመጪ።

ሶሊ፦ በቀኝ ብንሆን ባሕሩ አይታየንም ነበር እትዬ?

ጌጤ፦ ባሕር በግራ ነው። በቀኝ የሚሆነው ስንመለስ ነው።

ሶሊ፦ ስንመለስ ቦታው ይለወጣል?

ጌጤ፦ እኛ ነን የምንዞረው። በይ አሎራ፣ ተቀመጪና ዳቦውን አትጨፍልቂው።

[ሶሊ ተቀመጠች። የእትዬ ጌጤ ልብ ግን አልተቀመጠም። በማኅበር ቀን፣ ሴቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «የባሕሩን ዳርቻ ከተሞች አንድ በአንድ ዞሬያቸዋለሁ፤ ቅዳሜ እኔ ነኝ የምወስዳችሁ» ብለዋል። ሮማ ሲኖሩ ግን አንድም ቀን ባሕር አጠገብ ደርሰው አያውቁም። ስለዚህ መንገዱን ቀድመው ሊያጠኑ ተነሡ። ሶሊን ያስከተሉት ነገር ቶሎ አይገባትም፣ የገባትንም አታወራም ብለው ነው።]

ሶሊ፦ እስቲ ከተሞቹን ይንገሩኝ፤ እንዳይምታቱብኝ።

ጌጤ፦ አማልፊ ደረጃ ነው። ፖዚታኖም ደረጃ ነው፤ ግን ቁልቁል ነው። ጋኤታ ወይራ ነው። ዛሬ የምንሄድበት ስፔርሎንጋ ደግሞ ነጭ ነው። ቤቱ ነጭ፣ አሸዋው ነጭ።

ሶሊ፦ ሰዉስ?

ጌጤ፦ ሰዉ ጠዋት ነጭ ነው፤ ማታ ቀይ ነው።

ሶሊ፦ ይኼን ሁሉ ከማን ጋር አዩት?

ጌጤ፦ ከማስታምማቸው ሲኞራ ጋር ነዋ።

ሶሊ፦ ሲኞራ እኮ ከአልጋ አይነሡም።

ጌጤ፦ ሳይወድቁ በፊት ነው።

ሶሊ፦ እርስዎ የተቀጠሩት ስለወደቁ አይደል?

ጌጤ፦ [ዘንቢሉን ከፍተው] ቁርስ ሳትበዪ ወጥተሽ ነው የምትዘባርቂው። እንቁላሉን ላጪና ብዪ።

[ባሕሩ በግራም በቀኝም ሳይታይ ፎንዲ ጣቢያ ወረዱ። ዙሪያውን ተራራና ማሳ እንጂ ውኃ የሚባል የለም።]

ጌጤ፦ ጽሑፉን አየሽ? «ፎንዲ ስፔርሎንጋ» ይላል። ደርሰናል።

ሶሊ፦ ባሕሩስ?

[እትዬ ጌጤ አንገታቸውን አሰገጉ። ከማሳው ወዲያ ሰፊ ነገር በፀሐይ ያብለጨልጫል። ልባቸው መለስ አለላቸው።]

ጌጤ፦ ያውልሽ።

ሶሊ፦ ያ የሚያበራው?

ጌጤ፦ ሌላ ምን ሊሆን? ተከተዪኝ።

[በእርሻው መሀል በምታልፍ ቀጭን መንገድ ተያያዙት። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። እትዬ ጌጤ ለዚህ ቀን ብለው የገዙት ሰፊ ኮፍያ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ዓይናቸውን ይጋርዳቸዋል።]

ሶሊ፦ እትዬ፣ ባሕሩ ጣሪያ አለው።

ጌጤ፦ ማዕበል ነው።

ሶሊ፦ አይንቀሳቀስም እኮ።

ጌጤ፦ የዚህ አገር ባሕር ጨዋ ነው።

ሶሊ፦ በርም አለው። አንድ ሰውዬ ከፍቶ ወጣ።

ጌጤ፦ ዓሣ አጥማጅ ነዋ።

ሶሊ፦ የተሸከመው ግን ዙኪኒ ነው።

[እትዬ ጌጤ ኮፍያቸውን ገፋ አድርገው አዩ። ባሕር ያሉት በረድፍ የተተከለ የላስቲክ ቤት ነው፤ ዙኪኒና ሌላ አትክልት ማብቀያ። ሰውዬው ሣጥኑን አስቀምጦ፣ ለባሕር ዳርቻ ለብሰው ማሳው መሀል የቆሙትን ሴትዮ ከእግር እስከ ራሳቸው ቃኛቸው።]

ሶሊ፦ ልጠይቀው?

ጌጤ፦ እንዳትሞክሪው። ሁለት ሐበሾች ዙኪኒ ቤት ድረስ መጥተው ባሕር ጠየቁን ብሎ ሲያወራ ይኑር?

ሶሊ፦ እንግዲያው ወደ ጣቢያው እንመለስ። ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር አለ።

[ተመለሱ። እትዬ ጌጤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን እያሹ ቅዳሜን አሰቡት። የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ዙኪኒ መሀል ቆመው ሲያዩዋቸው ታያቸው። ከዚያ በኋላ በየት በኩል ዓይናቸውን አንሥተው ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ?]

ጌጤ፦ ሶሊ።

ሶሊ፦ አቤት።

ጌጤ፦ ለማንም እንዳታወሪ። እኔ ባሕሩን አይቼው አላውቅም። ከሲኞራ አፍ የሰማሁትን ነው የማወራው።

ሶሊ፦ አላወራም። እኔም አንድ ነገር ብነግርዎ አይቆጡም?

[ሳትጨርስ ሰማያዊ ፑልማን አውቶቡስ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ፤ በሩም ተከፈተ። ሾፌሩ ጠይም፣ ረጅም ወጣት ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ጎንበስ አለ።]

ሾፌሩ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ ጌጤ። ስፔርሎንጋ ነው አይደል? ይግቡ፣ ደረጃውን ቀስ ብለው።

ጌጤ፦ ስሜን ማን ነገረው?

ሶሊ፦ እኔ ነኝ። መዝገቡ ይባላል።

ጌጤ፦ የት ነው የምታውቂው?

ሶሊ፦ እዚሁ ነዋ። ሐሙስ ሐሙስ ጣልያንኛ ልትማር ሄደች ሲሉኝ፣ እዚህ ነበርኩ።

ጌጤ፦ ቆይ። ታዲያ ወደ ባሕሩ በፑልማን እንደሚኬድ ታውቂ ነበር?

ሶሊ፦ አውቅ ነበር።

ጌጤ፦ በዚያ ፀሐይ ዙኪኒ ስታስጎበኚኝ ምነው ዝም አልሽ?

ሶሊ፦ የእሱ ተራ የሚጀምረው ከምሳ በኋላ ነው።

ጌጤ፦ [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ስፔርሎንጋን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ።

ሶሊ፦ አዎ እትዬ። የአማልፊ ደረጃ ለጉልበትዎ ይከብዳል፣ ጋኤታም ይርቃል ካልኩዎት በኋላ።

[እትዬ ጌጤ ልጅቷን አዩ፤ ሾፌሩን አዩ። ነገር ቶሎ የማይገባት የትኛዋ እንደነበረች ያን ጊዜ ገባቸው። ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ፑልማኑ ውስጥ ገብተው ከሾፌሩ ጀርባ ያለችውን ወንበር ያዙ። ፑልማኑ የላስቲክ ቤቶቹን ጥሎ ኮረብታውን ሲዞር፣ ከታች ሰማያዊው ውኃ እስከ ሰማዩ ጥግ ተዘርግቶ ብቅ አለ፤ ነጯ ከተማም በቋጥኟ ላይ።]

ሶሊ፦ እትዬ፣ ባሕሩን ይዩት።

ጌጤ፦ [ሳይዞሩ] ይቆየኝ፤ የትም አይሄድም። አንተ፣ አባትህ ማን ይባላሉ? እናትህስ ያሉት የት ነው?

መዝገቡ፦ ስንደርስ ሁሉንም እነግርዎታለሁ እትዬ፤ አሁን እየነዳሁ ነው።

ሶሊ፦ ሾፌር ማናገር ክልክል ነው። ይኸው ተለጥፏል።

ጌጤ፦ እሱ ለተሳፋሪ ነው። እኔ አማት ነኝ።