የደምሴ ሱባዔ

በነጻ የሚሰጥ ነገር ስንት እንደሚያስከፍል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ትምህርት ቤት ይግባ። እኛ አራዳ የተማርነው በነጻ ነው። መንግሥት ይባረክና ለመምህሩም ለወንበሩም ቤሳ አላስከፈለንም። የተረሳው ሆድ ብቻ ነበር። እሱን ይዘን መምጣታችንን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተከራየው ደምሴ የመንዝ ልጅ ነበር። አባቱ በሬ ሸጠው ዐሥራ ስምንት ጠገራ ብር ሰጥተውታል። እሱም መስከረም ላይ ተቀምጦ ለዐሥር ወር ደለደለው፤ ዐሥሩ ለቤት ኪራይ፣ አምስቱ ፈረንሳይኛ ለሚያስጠናን አርመን። ፈረንሳይኛ ያላወቀ ፈተናውን አያልፍማ! ያለፈ ስልክ ቤት ይቀጠራል፣ የወደቀ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። ለሆዱ ሦስት ብር ቀረችው። «ትበቃለች» አለኝ። እንዴት እንደምትበቃ ግን አልነገረኝም።

የቤቱ ባለቤት እማማ አስካለ በአራዳ ገበያ በርበሬ የሚነግዱ፣ ጊዮርጊስን ሳይሳለሙ የማይውሉ ደግ ሴት ነበሩ። ቀለባችንንም በየወሩ እየከፈልን የምንበላው ከእሳቸው ነው። ጥቅምት ሲገባ ደምሴ «እማማ፣ ሱባዔ ገብቻለሁና ለእኔ አያብስሉ» አላቸው። መቼም ታውቃላችሁ፣ ሱባዔ የገባ ሰው ጥሬ ቆርጥሞ ውሃ ይጠጣል። ሽምብራ ደግሞ ርካሽ ነው። ዘዴው ይኸው ነበር! የጽጌን ጾም ከነቢያት፣ ነነዌን ከዐቢይ ጾም እያያያዘ ከረመ። እማማ «ጸልይልኝ ልጄ» እያሉ እጁን መሳም ጀመሩ። በበዓል ቀን ለሁለታችን በነጻ ይልኩልን የነበረውን እንኳ «እሱን አላሳስተውም» ብለው ድርሻውን ለእኔ ደረቡልኝ።

እኔስ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በላሁ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የፈረንሳይኛ ግሥ ያጠናል፣ እኔ እበላለሁ። አንድ ሁለቴ «ና ቅመስ» ብዬው «እማማ ቢያዩኝስ?» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት መጾም ክልክል ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። እንግዲህ ጻድቁ ሰውዬ ምን ይበል? ብሩም አለቀ፣ ምክንያቱም አለቀ። ያን ሁሉ ወር እጁን ሲስሙ የኖሩትን ሴት «ዋሽቼ ነው» እንዴት ይበላቸው? ይሉኝታ ክፉ ነው። «ዘመድ ቤት ተጋብዣለሁ» እያለ ምሳ ሰዓት ላይ ይወጣና ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ተቀምጦ ሰው ሁሉ በልቶ እስኪነሣ ይጠብቃል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድም ዘመድ አልነበረውም። አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ ለእማማ ግን አልነገርኳቸውም።

ለፈተናው ዐሥር ቀን ሲቀረው እዚያው ድልድዩ ላይ ወደቀ። ሰዎች ተሸክመው አመጡት። እማማ ደረታቸውን እየደቁ «ጾም ነው ልጄን የጎዳው! ጊዮርጊስ ሆይ፣ ብታድንልኝ የሐር ጥላ አገባልሃለሁ!» ብለው ተሳሉ። ከዚያማ የዶሮው መረቅ፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ! በሁለት ሳምንት ቀና አለ። ፈተናው ግን አልጠበቀውም። እኔ ስልክ ቤት ገባሁ፣ እሱ መንዝ ገባ። ጥላው በዘጠኝ ብር ተገዝቶ ለታቦቱ ሲሰጥ እማማ እልል አሉ። ዘጠኝ ብር እኮ ደምሴ ለሆዱ ከመደባት ሦስት እጥፍ ነው።

ከወር በኋላ ደብዳቤ ላከላቸው። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «እማማ፣ ስለ እግዜር ይቅር ይበሉኝ። ሱባዔ አልነበረም፤ ራብ ነበር» ይላል።

«ወይ ልጄን!» አሉ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው እየወሰዱ። «ራብ ከሆነማ ሽሮ መች ጠፍቶ?»

ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? አብረኸው ስትኖር ታውቅ ነበር?»

በጊዮርጊስ ምዬ «አላውቅም» አልኳቸው።