ፎዚያን ከየትኛው ቤት ልሰርዛት?

ሰው መቁጠር ቀላል ሥራ ይመስላችኋል? ለእኔም መስሎኝ ነበር። ፍየል ሲቆጠር ይሯሯጣል፣ ሰው ግን አፍ አለው፣ ራሱ ይናገራል ብዬ ነው የገባሁበት። ችግሩም እሱ ነው። አፍ አለው።

ባለፈው ዓመት የገጠር ነዋሪ ምዝገባ ላይ ጊዜያዊ ሥራ አገኘሁ። አንድ ታብሌት፣ አንድ ኮፍያ፣ ለአምስት ሰው አንድ ፒካፕ። ለእኔ ጀልዴሳ የሚባል ገጠር ደረሰኝ። እኔ የድሬ ከተማ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ። ገጠር ማለት ለእኛ ቀፊራ ገበያ ላይ ከጋሪ የሚወርድ ነገር ነው፤ ሽንኩርት፣ ፍየል፣ ወተት። ሰው እንዳለበት እናውቃለን፣ ግን አስበንበት አናውቅም።

ታብሌቱ ግትር ነው። የጠየቀህን ካልመለስክለት ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍህም። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ። አምስተኛው ላይ «ብሔር» ይልና ዝርዝር ያወጣል። አንዱን ትነካለህ። ሁለተኛ ከነካህ የመጀመሪያውን ያጠፋዋል። የሠራው የድሬ ሰው እንዳልሆነ በዚህ አወቅሁ። የድሬ ሰው ቢሆን ቢያንስ ሦስት ያስነካ ነበር።

እኔ ራሴ ሰው ሲጠይቀኝ «የድሬ ልጅ ነኝ» ብዬ እገላገላለሁ። አባትና አያት ቆጠራ ውስጥ አልገባም። ይህንንም እንደ ሥልጣኔ ነበር የማየው። ነገሩን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ቤት የአዴር ሙሜ ነው። አዴር ማለት አጎት ነው፤ እዚያ አካባቢ ሽማግሌ ሁሉ አዴር ነው። አዴር ሙሜ ግመሉን በሶማልኛ ይሰድባል፣ በሬውን በኦሮምኛ ይለምናል፣ ከእኔ ጋር በቀፊራ አማርኛ ያወራል። (አንቱ አላልኩትም ብላችሁ እንዳትቆጡ። ድሬ ላይ አንቱ የሚባለው የተቀየምከው ሰው ነው።)

«ብሔርህ ምንድን ነው አዴር?» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙሜ ነኝ። የአህመድ ልጅ። አህመድ የዩያ። ዩያ የአብዲ። አብዲ የሮባ…»

ሰባተኛው አባት ላይ ስንደርስ «ይበቃል አዴር፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠይቀው» አልኩ። ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙሜ ነኝ። የአህመድ ልጅ…»

ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «አታቋርጠው አቦ! የተቋረጠ ቆጠራ እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው። መሃል ላይ የተተወው ሰውዬ ይቀየማል።»

የሞተ ሰው እንዳላስቀይም ዝም አልኩ። አሥራ አራት ናቸው። ሲያበቃ ለአሥራ አራቱም አንድ ቦታ ነካሁላቸው፤ ኦሮሞ። ቤተሰቡ በሙሉ አሥራ አንድ ሰው። የጎሸመችኝ ልጅ መጨረሻ ላይ ተመዘገበች። የልጅ ልጁ ናት፣ ፎዚያ።

ፎዚያ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። አሥራ ሁለተኛ ጨርሳለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለልብስ ስፌት ሰው እየመዘገቡ ነበር፣ ምዝገባው በማግስቱ ያበቃል። የነዋሪነት ወረቀት ይፈልጋሉ። ወረቀቱ ደግሞ የሚወጣው የቀኑ ምዝገባ ሲያልቅ ከእኔ ታብሌት ነው። ስለዚህ «መንገድ ላሳይህ» ብላ ተከተለችኝ። እናትና አባቷ ፍየል ይዘው ቀፊራ ገብተዋል፤ ጉዳዩን ጥላ የምትሄድበት ሰው የለም።

ደረቁን ወንዝ፣ አሸዋውን፣ ተሻግረን አዴር ሮብሌ ቤት ደረስን። ሮብሌ የእናቷ አባት ነው። ሶማሌ። እሱም ቆጠረ። አሁን አዋቂ ሆኛለሁና አላቋረጥኩም። አሥራ ስድስት። «በቤቴ ዘጠኝ ነን» አለኝ። ስምንቱን ጻፍኩ። ዘጠነኛዋ ፎዚያ ሆና ቁጭ አለች።

«አንቺን ቅድም መዝግቤሻለሁ እኮ» አልኳት።

«እዚያ አዎ። እዚህ ገና ነኝ።»

ጻፍኳት። ታብሌቱ ቀይ ሆነ። ይህ ሰው ሌላ ቤት ተመዝግቧል፣ ከአንዱ ካልተሰረዘ ወረቀት አይወጣም አለ።

እንግዲህ ፎዚያ ሁለት ቤት ያላት ለምን መሰላችሁ? ከመወለዷ በፊት ሁለቱ ቤተሰቦች በዚያ አሸዋ ውስጥ በተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ተጣልተው ነበር። ማን ቀድሞ ያጠጣ ነው ጸቡ። ነገሩ ወደ ዱላ ሲያመራ ሽማግሌ ገባ፤ የሙሜ ልጅና የሮብሌ ልጅ ተጋቡ፣ ጉድጓዱ የጋራ ሆነ። የመጀመሪያዋ ልጅ አሥራ አምስት ቀን እዚህ፣ አሥራ አምስት ቀን እዚያ እንድታድግ ተስማሙ። እንደዚያው አደገች።

«ይቺ ልጅ ውል ናት» አለኝ ሮብሌ። «ውል ለሁለት ይቀደዳል?»

ይህን ሲል ሙሜ ዱላውን ይዞ አሸዋውን ተሻግሮ ደረሰ። ወሬ ከእኔ ይፈጥናል።

«ዋሪያ ሙሜ! ልጄን ብቻህን አስመዘገብካት?»

«ምን ላድርግ፣ አንተ ተኝተሃል!»

«እኔ? በሠርጉ ቀን ተኝቶ ግመሎቹ የጎረቤት ማሽላ የፈጁበት ማን ነው?»

«ግመሎቹ ያንተ ነበሩ!»

«ጠባቂው ግን አንተ!»

ከሩቅ የፒካፑ ጥሩምባ ተሰማ። ሾፌሩ ሊሄድ ነው። የፎዚያ ፊት ተለወጠ። እኔም የከተማ ብልሃቴን አወጣሁ። በብሔር ዝርዝሩ መጨረሻ «ሌላ» የሚል አለ፣ ለብቻዋ ቤት እንደያዘች አድርጌ እሱን ብነካላትስ አልኩ። ለማንም አታዳላም።

ሁለቱም ሽማግሌዎች ባንድ ጊዜ ዞሩብኝ።

«ሌላ ማን ነው?» አለ ሙሜ።

«ሁለት አያት ያላት ልጅ ናት ሌላ?» አለ ሮብሌ። «ሌላ ማለት ዘመድ የሌለው ነው!»

ከጉድጓዱ ወዲህ እንዲህ ተስማምተው እንደማያውቁ ፎዚያ በኋላ ነግራኛለች።

አሁን ግን ቀስ ብላ ተናገረች። «አዎዌ» አለችው ሮብሌን፤ አያቴ ማለቷ ነው። «ፓርኩ ነገ ይዘጋል። ስሜ የትም ይሁን። አርብ አርብ በተራ ሁለታችሁም ቤት እመጣለሁ።»

 ከዚያ ሙሜ በዱላው አሸዋውን እየጫረ፣ «ከእኔ ሰርዛት» አለኝ። «እኔ ጋ አባቷም እናቷም አሉ። እሱ ጋ ከልጁ የቀረችው እሷ ናት።»

ሮብሌ እንደተሰደበ ሰው ተነሣ። «አይሆንም! ልጅ በአባቷ ቤት ነው የምትቆጠረው። ከእኔ ሰርዝ!»

«ከእኔ አልኩህ!»

«ወላሂ ከእኔ!»

ቅድም በመውሰድ ተጣሉ፣ አሁን በመስጠት። ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። ጣቴ ታብሌቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ፎዚያ አየችኝ። «አንተ የት ነው የተመዘገብከው?»

አሰብኩ። ቤት ለቤት ስዞር የእኔን ቤት ማንም አላንኳኳም። «የትም» አልኳት።

«በቃ። ከዚህ ሰርዘኝና ቦታዬ ላይ ግባ። አዎዌ ዘጠኝ ብሏል፣ ዘጠኝ ይሁንለት።»

ሮብሌ ከእግር እስከ ራሴ ለካኝ። ፍየል ሲገዛ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። «ቁጠር» አለኝ።

ስሜን አልኩ። አባቴን አልኩ። አያቴን አልኩ። ቆምኩ።

«ቀጥል።»

«ከዚያ በላይ አላውቅም አዴር። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በባቡር ነው የመጣው።»

«ባቡሩስ የማን ልጅ ነው?»

ሙሜ ሊስቅ ነበር፣ ተወው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። በዓይናቸው ውስጥ ያለውን አወቅሁት፤ እኔ ጫማ የሌለው ልጅ ሳይ የማየው ነው። ያ ሥልጣኔዬ ለካ ባዶ እግር መሄድ ኖሯል። ሮብሌ እጄን ያዘና፣ «ምስኪን። ከአራተኛው ጀምሮ የእኔን ቀጥልበት። እነሱ ብዙ ናቸው፣ አይቸግራቸውም» አለኝ። አንድ በአንድ ሰጠኝ። አንዱን ስሳሳት እንደ አዲስ አስጀመረኝ። ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ማንም አልሰማውም።

ፎዚያን ሰረዝኩ። ራሴን ጻፍኩ። ዘጠኝ። ታብሌቱ አረንጓዴ ሆነ። አምስተኛው ጥያቄ ላይ የቱን እንደነካሁ አልነግራችሁም፤ ሮብሌን አማክሬ ነው የነካሁት።

ፎዚያ ወረቀቷን ይዛ በዚያው ፒካፕ ከተማ ገባች። በማግስቱ ተመዘገበች። አሁን የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። አርብ አርብ አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እዚያ ትሄዳለች፤ ውሉ አልተቀደደም።

እኔ የድሬ ልጅነቴን አልተውኩም። አሁን ግን ስጠየቅ ትንሽ ረዘም ይላል። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አባቶቼን አጠናለሁ፤ እስከ አሥራ አንድ ደርሻለሁ። ልቆጥር ሄጄ ተቆጥሬ ተመለስኩ ብዬ ለሰው ሁሉ በኩራት አወራ ነበር። ቤተሰብ በነፃ የሚገኝ መስሎኝ።

ትናንት ፎዚያ ደወለች። ጎርፍ ጉድጓዱን በአሸዋ ሞልቶታል። ጠረጋው ከሁለቱም ወገን በየቤቱ ተራ ነው፤ ከአዴር ሮብሌ ቤት በምዝገባው መሠረት አቅም ያለው ወንድ አንድ ብቻ ተገኝቷል። ቅዳሜ በጠዋት፣ ደረትህ ድረስ ትገባለህ ብላኛለች።

አካፋ የምታውሱኝ አላችሁ?